ሥራውን ጨርሶ ለመውጣት የተቋቋመ ማኅበር

1. የሕንደኬ መርከብ

በ1853 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከጀርመን ሐምቡርግ ወደብ አንዲት አዲስ መርከብ ሸራዋን ዘርግታ ወጣች። ስሟ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከተጠቀሰችው የኢትዮጵያ ንግሥት ከሕንደኬ የተወሰደ ነበር። ያሠራት መንግሥት አይደለም፤ የንግድ ኩባንያም አይደለም። በሰሜን ጀርመን ሄርማንስቡርግ የምትባል የገጠር መንደር ሉተራውያን፣ በፓስተራቸው በሉዊ ሐርምስ መሪነት ከ4 ዓመት በፊት ባቋቋሙት የሚሲዮን ማኅበር በኩል አዋጥተው ነው ያሠሯት። የተሳፈሩት ወጣት ሚሲዮናውያንና አብረዋቸው ሊሰፍሩ የተነሡ የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ መድረሻቸው የኦሮሞ ሕዝብ አገር ነበር።

አልደረሱም። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የዛንዚባር ሱልጣን ሹማምንት ወደ መሀል አገር እንዳይዘልቁ ከለከሏቸው። መርከቢቱ ወደ ደቡብ ታጥፋ ናታል ደረሰች፤ ሰዎቹም በዙሉ ሕዝብ መካከል ሥራ ጀመሩ። የሄርማንስቡርግ ሚሲዮናውያን ወለጋ ውስጥ አይራ ላይ ጣቢያ የተከሉት በ1928 ነው። በመካከሉ ሐርምስ ሞቷል፤ ጀርመንም አንድ ግዛት ሆና ንጉሠ ነገሥት አንግሣ፣ በዓለም ጦርነት ተሸንፋ፣ ሪፐብሊክ እስከ መሆን ደርሳለች። በ1853 የታሰበው ጉዞ ግን ከ75 ዓመት በኋላም ባለቤት አላጣም። ግለሰብ ይህን ያህል አይጠብቅም። የሚጠብቀው ኮሚቴ፣ መዝገብና ገንዘብ ያዥ ያለው ድርጅት ነው።

እንዲህ ያለው ማኅበር ከመፈጠሩ በፊትም ወንጌል የሚልክ አልጠፋም። በኢትዮጵያ ላኪው ገዳም ነበር። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን ከሐይቅ እስጢፋኖስና ከደብረ ሊባኖስ የወጡ መነኮሳት ወደ አማራ፣ ወደ ሸዋና ከዚያም ወዲያ ዘልቀው ሰበኩ። በአቡነ ፊልጶስ ዘመን ሸዋ በ12 ንቡራነ እድ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ የስብከት ክፍል መሰጠቱ፣ ሥራው በአደረጃጀትም የታሰበበት እንደነበር ያሳያል። በምዕራብ ደግሞ ላኪዎቹ ነገሥታትና የካቶሊክ የምንኩስና ማኅበራት ነበሩ። ሮም ሥራውን በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር ለማድረግ ፕሮፓጋንዳ ፊዴ የተባለውን ጉባኤ ያቋቋመችው በ1622 ነው። በዚያው ዓመት አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) ስብከት ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። ከዐሥር ዓመት ደም መፋሰስ በኋላ ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ከአገር ወጡ። ሚሲዮኑ ዙፋን ላይ ተንጠልጥሎ ገብቶ ነበርና ከዙፋኑ ጋር ወደቀ።

ፕሮቴስታንቶች ከተሐድሶው በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በዚህ ሥራ ብዙም አልታዩም። መነኩሴ የላቸውም፤ ገዳምም የላቸውም። ስለዚህ ማን ይላክ? ወጪውንስ ማን ይክፈል? ከቀደሙት መላሾች አንዱ በጀርመን ሄርንሁት የሰፈሩት ሞራቪያውያን ነበሩ፤ በ1732 ሁለት ሰዎቻቸውን በካሪቢያን ወዳሉት ባሮች ላኩ። ከእነሱ መካከል ፍሬድሪክ ሆከር የተባለ ሐኪም በ1752 ወደ ኢትዮጵያ ለመዝለቅ አስቦ ካይሮ ድረስ መጥቷል፤ ኢትዮጵያ ግን አልደረሰም።

2. 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ

የዘመናዊው የሚሲዮን ማኅበር የልደት ቀን ጥቅምት 2 ቀን 1792፣ የልደት ቦታው ደግሞ የእንግሊዟ የኬተሪንግ ከተማ ነው ቢባል ብዙ የሚከራከር የለም። ቀድሞ ጫማ ሰፊ የነበረው የባፕቲስት ሰባኪ ዊልያም ኬሪ በዚያው ዓመት አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ኬሪ ስለ መንፈሳዊ ግዴታ ከተከራከረ በኋላ በቀጥታ ወደ አሠራር ይገባል፦ ነጋዴዎች ወደ ሩቅ አገር ሲነግዱ ኩባንያ ያቋቁማሉ፣ አባላቱ ያዋጣሉ፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ዘገባ ይላካል፤ አማኞች ለምን እንዲሁ አያደርጉም? በኬተሪንግ የተሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች በዚያ ቀን ለመስጠት ቃል የገቡት ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር።

የቅርጹ ምንጭ የንግድ ኩባንያ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ብርታቱም ሆነ በሽታው ከዚያ የመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሳትሆን በፈቃዳቸው የተሰበሰቡ ሰዎች ያቋቋሙት በመሆኑ ጳጳስም ሆነ ንጉሥ ሳይፈቅድ መንቀሳቀስ ቻለ። ሳንቲም የምታዋጣ መበለት ከባለ ርስቱ እኩል አባል ሆነች። በሌላ በኩል ገንዘብ ከሚዋጣበት አገር ትእዛዝ ይወጣል፤ ሥራው ካለበት አገር ሪፖርት ይመለሳል።

ነገሩ እንደ ሰደድ ተስፋፋ። በ1795 የለንደን ሚሲዮን ማኅበር፣ በ1799 የአንግሊካኖቹ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር (በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲ.ኤም.ኤስ.)፣ በ1810 የአሜሪካ ቦርድ፣ በ1815 የባዝል ሚሲዮን ተቋቋሙ። የለንደኑ ማኅበር ዳፍ በተባለች መርከብ ወደ ደቡብ ፓሲፊክ ደሴቶች 30 ሰዎች ሲልክ አብዛኞቹ አናጢ፣ ግንበኛና ሸማኔ ነበሩ፤ ቀናዒነት ይበቃል ተብሎ ነበር። አልበቃም። ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ ብዙዎቹ ታሂቲን ጥለው ሄዱ። ይህ ኪሣራ ከመላክ በፊት ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ አስተማረ። ባዝል ላይ የተከፈተው ትምህርት ቤት ለራሱ ብቻ ሳይሆን ሰው ለጎደለው ሲ.ኤም.ኤስ.ም በርካታ ሚሲዮናውያን አፈራ።

ሌላው አዲስ ነገር የሥራ ክፍፍል ነው። በ1804 የተመሠረተው የብሪታንያና የውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ሰባኪ አይልክም፤ ሥራው መጽሐፍ ማስተርጎም፣ ማሳተምና ማሠራጨት ነው። አማርኛ የዚህ ክፍፍል ቀዳሚ ተጠቃሚ ሆነ። ካይሮ የነበሩት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ ከፈረንሳዩ ዲፕሎማት አስላን ደ ሸርቪል ጋር ዐሥር ዓመት ያህል ሠርተው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱ። የእጅ ጽሑፉን የሲ.ኤም.ኤሱ ዊልያም ጆዌት በ1820 ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበሩ ገዛው። ወንጌሎቹ በ1824 ታተሙ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ወጣ። በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ የዞሩት ሚሲዮናውያን በቅሎ ላይ የጫኑት ይህንን ነው። ተርጓሚው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ መሆናቸው ዛሬም ከሚገባው በታች ይነገራል።

3. ጣቢያው

ሰው ከተላከ በኋላ የት ይቀመጥ? መልሱ ‘ጣቢያ’ ሆነ። ጣቢያ ማለት ቤት፣ ጸሎት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ብዙ ጊዜም የአትክልት ቦታና ማተሚያ ያለበት አጥር ግቢ ነው። በየሩብ ዓመቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፋል፤ ደብዳቤው በማኅበሩ መጽሔት ይታተማል፤ መጽሔቱን ያነበቡ ምእመናን ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ ወደ ጣቢያው ይመለሳል። አዲስ አማኝ ከዘመዶቹ ሲገፋ ግቢው ያስጠጋዋል፤ ፊደል ይቆጥርበታል፤ ሥራም ያገኝበታል።

ችግሩም እዚያው ተፈለፈለ። ግቢው ያሳደገው አማኝ ለመንደሩ ባዕድ፣ ለግቢው ጥገኛ ይሆናል። የንብረቱስ ባለቤት ማን ነው? ኬሪና ጓደኞቹ በሕንድ በዴንማርክ ግዛት በሴራምፖር ትልቅ ጣቢያ፣ ማተሚያና በ1818 ኮሌጅ አቋቁመው ነበር። ከለንደኑ ኮሚቴ ጋር በንብረትና በሥልጣን ተጣልተው በ1827 ተለያዩ፤ የታረቁት በ1837 ነው። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ሰው ያጣው በአረማውያን ተቃውሞ ሳይሆን በርስት ክርክር መሆኑ ትንሽ ያስቃል።

በኢትዮጵያ ጣቢያው ሌላ ፈተና ገጠመው፤ አገሩ ቀድሞውኑ ክርስቲያን ነበር። በ1830 ሳሙኤል ጎባትና ባልደረባው ኩግለር ለሲ.ኤም.ኤስ. ትግራይ ሲገቡ ዓላማቸው አዲስ ቤተ ክርስቲያን መትከል ሳይሆን የነበረችውን በመጽሐፍ ቅዱስ ማነቃቃት ነው ተብሎ ነበር። ጎባት በውይይት ችሎታው ተወዳጅ ሆነ። ተከትሎት የመጣው ኢዘንበርግ ግን ስለ ጾም፣ ስለ ማርያምና ስለ ቅዱሳን ፊት ለፊት ተሟገተ፤ ካህናቱ ተነሡበት፤ በ1838 ደጃዝማች ውቤ ከዐድዋ አባረሩት። ሌላው የሲ.ኤም.ኤስ. ሰው ክራፕፍ በ1839 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ወደ አንኮበር ሄደ፤ በ1842 ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ ተከለከለ። ከእነዚህ ዓመታት የቀረው ፍሬ በአብዛኛው የቋንቋ ሥራ ነው፤ የኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1841 ታትሟል።

በሌላ ሰው ቤት ገብቶ ቤቱን ላድስ ማለት ለባለቤቱ ምን እንደሚመስል የያኔዎቹ ማኅበራት እምብዛም አልጠየቁም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በሚሲዮኖች መካከል የተዘራው ጥርጣሬ ሥሩ እዚህ ነው፤ ሁሉንም በካህናቱ ግትርነት ማላከክ አያስኬድም።

ጎባት በኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሲሆን ሌላ መንገድ ሞከረ፦ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ እጃቸው ሙያ የተማረ ምእመናንን መላክ። አፄ ቴዎድሮስ ተቀበሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ግን ሙያውን ነበር፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰፈሩት ሰዎች መንገድ ከመሥራት አልፈው መድፍ ወደ ማቅለጥ ገቡ። ሴባስቶፖል የዚያ ሥራ ውጤት ነው። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች በመድፍ መታወሳቸው ላኪና ተቀባይ የሚፈልጉት ሳይገጥም ሲቀር ምን እንደሚሆን ያሳያል።

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ታሪክ ግን የተለየ ነው። በ1866 ምጽዋ የደረሱት ስዊድናውያንም ዓላማቸው የኦሮሞ አገር ነበር፤ መንገዱ ለረጅም ዘመን ስለተዘጋባቸው በጠረፉ ቀሩ። በዚያ መቅረታቸው ፍሬ አፈራ። በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ትምህርት ቤት ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆችን ተቀበሉ። ከእነሱ አንዱ የነበሩት ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርተው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ በ1899 ለኅትመት አበቁ። ወለጋ ቦጂ ቀድመው የደረሱትም ስዊድናውያን አይደሉም፤ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የተባሉ የቀድሞ የኦርቶዶክስ ካህንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኦኔሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ገቡ። ላኪው አውሮፓዊ ሲሆን የደረሰው ኢትዮጵያዊ ነው።

4. ‘በራስ’ የሚሉ ሦስት ነገሮች

ማኅበሩ መቼ ሥራውን ጨረሰ ይባላል? ጥያቄውን በግልጽ ያነሣው ከ1841 እስከ 1872 የሲ.ኤም.ኤስ. ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ቬን ነው። በአሜሪካ ቦርድ ሩፈስ አንደርሰን ተመሳሳይ ሐሳብ ነበረው። ሁለቱ የደረሱበት፣ አዲሲቱ ቤተ ክርስቲያን በራስዋ ገንዘብ ስትተዳደር፣ በራስዋ መሪዎች ስትመራ፣ በራስዋ ሰዎች ወንጌልን ስታስፋፋ ያኔ ሚሲዮኑ ወደ ሌላ አገር ይሂድ የሚል ነው። ቬን ይህን እንደ ሚሲዮኑ መልካም ሞት ያየው ነበር። ድርጅት ሞቱን ዓላማው ሲያደርግ እምብዛም አይታይም። በዕቅድ ደረጃ ከዚህ የሚሻል ሐሳብ በሚሲዮን ታሪክ አልመጣም ብሎ መናገር ይቻላል።

ሥራ ላይ ማዋሉ ሌላ ነገር ነው። ከባርነት ነፃ የወጡት ናይጄሪያዊው ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር በ1864 ጳጳስ ሲሆኑ የቬን ሐሳብ ሥጋ የለበሰ መስሎ ነበር። ቬን ከሞተ በኋላ የመጡ ወጣት እንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን የክራውዘርን ሠራተኞች በብቃት ማነስና በሥነ ምግባር ከሰሱ፤ ሥልጣናቸውን ሸረሸሩ። ሽማግሌው ጳጳስ በ1891 ሲሞቱ ቦታው ለአውሮፓዊ ተሰጠ። ዘመኑ የቅኝ ግዛት ሽሚያ ዘመን ነበር፤ ማኅበሩም ከዘመኑ በላይ አልነበረም።

ኮርያ ላይ ግን ሐሳቡ ሥር ሰደደ። በቻይና ያገለግል የነበረው ጆን ኔቪየስ በ1890 ሴኡል ሄዶ ለአዲሶቹ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ምክር ሰጠ፦ አማኙ ከነበረበት ሥራ አይነቀል፤ ጸሎት ቤቱን ሕዝቡ በአቅሙ ይሥራ፤ ሰባኪ የሚቀጠረው ሕዝቡ ሲችል ነው፤ ሁሉም በየጊዜው በመጽሐፍ ቅዱስ ኮርስ ይማር። ሚሲዮኑ ያንን መመሪያው አደረገው።

ከዚህ ጎን ለጎን የማኅበሩ ውስጣዊ ቅርጽም ተለወጠ። ሃድሰን ቴይለር በ1865 ያቋቋመው የቻይና መሀል አገር ሚሲዮን ቋሚ ደመወዝ አይሰጥም ነበር፤ መዋጮም በቀጥታ አይለምንም ነበር፤ ሠራተኞቹ ቻይናዊ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ያላገቡ ሴቶችን ያሰማራ ነበር፤ ከሁሉም በላይ አመራሩ ለንደን ሳይሆን ቻይና ነበር የሚቀመጠው። ‘የእምነት ሚሲዮን’ የሚባለው ዓይነት ከዚህ ተወለደ። በ1893 ሦስት ወጣቶች የጀመሩት ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን (ኤስ.አይ.ኤም.) የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ በዓመት ጊዜ ውስጥ ናይጄሪያ ላይ ሞቱ፤ ሮላንድ ቢንግሃም ብቻ ተረፈ። ይህ ማኅበር ነው የቬንን ጥያቄ ሳይፈልግ በወላይታ የመለሰው።

5. ሚሲዮናውያን የሌሉበት 5 ዓመት

የኤስ.አይ.ኤም. ሰዎች የሆኑት ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ በ1927 መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ። በበቅሎ ወደ ጅማ ለመሄድ ተነሥተው በሹማምንት ፈቃድና ክልከላ ምክንያት ሆሳዕና፣ የወላይታዋ ሶዶና ሲዳሞ ላይ ሰፈሩ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከእነሱ በፊት በ1920ዎቹ ኤሳ የሚባል የጋሞ ሰው ጥንቆላን ተዉ፣ ወደ አንድ ፈጣሪ ጸልዩ እያለ በአካባቢው ሰብኮ ብዙ ሰው ሰምቶት ነበር።

ሚሲዮናውያኑ አዲስ አማኝ ቶሎ አላጠመቁም። ሰውየው ከጥንቆላ መላቀቁ፣ የቤቱ አያያዝ፣ ከጎረቤት ጋር ያለው ኑሮ ይታያል፤ ይጠየቃል። የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች በወላይታ የተጠመቁት በ1933 መጨረሻ ነው፤ ከመጡ 5 ዓመት አልፎ። ወዲያው ከተጠማቂዎቹ ሽማግሌዎች ተመረጡ። የሚቀጥሉትን መርምሮ የሚቀበለው ከዚያ በኋላ ሚሲዮናዊው ብቻ አልነበረም። ጸሎት ቤቱን የሠሩት በራሳቸው እንጨትና ሣር ነው፤ ሰባኪውም ደመወዝተኛ አልነበረም። በላኪው አገር ላሉ ለጋሾች ይህ ሪፖርት ደካማ ይመስላል፤ በ5 ዓመት 10 ሰው!

በ1937 የጣሊያን ወታደሮች ሚሲዮናውያኑን ከሶዶ አስወጡ። ያኔ በወላይታ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ። በወላይትኛ የነበራቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ነበር። ጣሊያኖች ጸሎት ቤቶችን አፈረሱ፤ ሽማግሌዎችን አሰሩ፤ ገረፉ። አማኞቹ ለታሰሩት ስንቅ ሲያመላልሱ ዘመድ የሌላቸውን እስረኞች ጭምር ይመግቡ ነበርና ወሬው በገበያ ተሰማ። የቃል ትምህርቱ ከቤት ወደ ቤት፣ ከአማት ወደ ምራት ሄደ። ጣሊያን ተሸንፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት አማኝ ወደ 10 ሺህ ይገመታል።

ቁጥሩ በግምት መሆኑ አይጎዳውም። ቁም ነገሩ በመካከሉ ገንዘብም፣ ጣቢያም፣ ነጭ ሚሲዮናዊም አለመኖሩ ነው። ከዚያ ደግሞ የወላይታ አማኞች ራሳቸው ላኪ ሆኑ። ወንጌላውያንን ከነቤተሰባቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማና ወደ ኦሞ ሸለቆ ላኩ። ወንጌላዊው ሌላ ቋንቋ ይማራል፤ ያርሳል፤ ይታሰራል፤ ልጆቹም በወባ ይታመማሉ። የሚልኩት አጥቢያዎች ከመከሩ ያዋጣሉ። ዛሬ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የምትባለው በዚህ መንገድ አደገች።

ነገሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አጋጣሚ እንዳይመስል፣ ደርግ ሳይፈልግ ደገመው። አሜሪካውያን ሜኖናውያን ከጦርነቱ በኋላ በናዝሬት ሆስፒታል ከፍተው የጀመሩት ሥራ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን አስገኘ። በ1982 መንግሥት ጸሎት ቤቶቿን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሰረ። አባላቷ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ ሰዓትና ቤት እየቀያየሩ ተማሩ፤ ሴቶች አስተማሪዎች ሆኑ። በ1991 በግልጽ ሲወጡ 34 ሺህ ሆነዋል።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ስደት ጥሩ ነው የሚል ትምህርት ማውጣት ስሕተት ነው፤ በስደት የከሰሙም ማኅበረ ምእመናን አሉ። የሁለቱ የጋራ ነገር ሌላ ነው። ሚሲዮኑ ከመውጣቱ በፊት የአካባቢው ሰው አዲስ አማኝ የማስተማርና የመቀበል ሥልጣን በእጁ ነበር።

6. ከሚሲዮን ወደ ቤተ ክርስቲያን

ነፃ በወጣችው ኢትዮጵያ መንግሥት ነገሩን በሕግ አሰረው። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ‘የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ’ እና ‘ክፍት አካባቢ’ ብሎ ከፈለ። በመጀመሪያው ሚሲዮን ሕክምናና ትምህርት እንጂ ስብከት አይፈቀድለትም ነበር፤ በሁለተኛው ይሰብክ ነበር፤ አዲስ አበባ ክፍት ነበረች። የትምህርቱ ቋንቋ በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። የኢትዮጵያ የፕሮቴስታንት ካርታ ዛሬም ደቡብንና ምዕራብን የሚያመዝነው በከፊል በዚህ ሕግ ነው። የሕክምናና የትምህርት ሥራ መስፋፋቱም ከዚሁ ይያያዛል፤ ክሊኒክ ፈቃድ ያስገኝ ነበርና።

በ1959 የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የጀርመን፣ የዴንማርክና የአሜሪካ ሉተራውያን የሠሩባቸው ማኅበረ ምእመናን በአንድነት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሆነው ቆሙ፤ 20 ሺህ አባላት ይዘው። አጥቢያ፣ ሲኖዶስና ጠቅላላ ጉባኤ ያለው አወቃቀር ተተከለ። ሚሲዮኖቹ ግን ጎን ለጎን ቀሩ፤ በጀትና ግቢ ይዘው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጽሕፈት ቤት፣ ሁለት ደመወዝ፣ ሁለት አለቃ ማለት ነው። ሚሲዮናዊው በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር ሠራተኛ የሆነው ቀስ በቀስ፣ ከብዙ ስብሰባ በኋላ ነው።

በ1972 መካነ ኢየሱስ በአውሮፓ ላሉ አጋሮቿ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ለጋሾች ለልማት ገንዘብ በቀላሉ ሲሰጡ ለስብከት፣ ለመሪዎች ሥልጠናና ለጸሎት ቤት ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ደብዳቤው ሰው ሥጋና ነፍስ ተከፍሎ አይታገዝም ብሎ ሞገተ። ላኪዎቹ የማያውቁት ቃና ነበር፤ ተቀባይ በጀት ሲጠይቅ እንጂ የበጀቱን ሥነ መለኮት ሲተች አልለመዱም። በዚያው ጊዜ ኬንያዊው ጆን ጋቱ ከዚህም አልፈው፣ የአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት በእግራቸው እንዲቆሙ ሚሲዮናውያንም ገንዘቡም ለጊዜው ይቁም አሉ። በ1974 ሉሳካ ላይ የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሐሳቡን ደገፈ። በተግባር ግን ጥቂት ማኅበር ነው የወጣው። ውጡ ሲባል የማይወጣው ክፋት ይዞት አይደለም፤ ሆስፒታል፣ ጡረታ፣ የለጋሽ ዝርዝርና የልጆች ትምህርት ቤት ይዞት ነው።

7. የዛሬው ማኅበር

ዛሬ አንድ ላኪ ማኅበር ሥራው ከስብከት ይልቅ አስተዳደር ይመስላል። ዕጩውን የራሱ አጥቢያ ይመሰክርለታል፤ ማኅበሩ ጤናውን፣ ትዳሩንና ትምህርቱን ይመረምራል፤ ዕጩው የወር ድጋፍ የሚሰጡ ሰዎችና አጥቢያዎች ይፈልጋል፤ ከዚያ ድጋፍ ጥቂቱ ለጽሕፈት ቤቱ ይቀነሳል። በሄደበት አገር ቋንቋ ይማራል፤ በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ጥሪ ይሠራል። ሚሲዮናዊ ቪዛ በማይሰጥባቸው አገሮች መሐንዲስ፣ መምህር ወይም ነጋዴ ሆኖ ይገባል፤ ይህ አሠራር ለሐቀኝነት የሚያስቸግር ጥያቄ ማስነሣቱ አልቀረም።

ካርታውም ተገልብጧል። የኔቪየስን ምክር የተከተለችው ኮርያ ከታላላቅ ላኪዎች አንዷ ሆናለች፤ አዲስ አበቤ ‘ኮርያ ሆስፒታል’ የሚለውን ተቋም በ2004 የከፈተው ሚዮንግሱንግ የተባለ የሴኡል ፕሬስቢቴሪያን አጥቢያ ነው። 20 ሺህ ሆና የጀመረችው መካነ ኢየሱስ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሏት ትገልጻለች፤ ከአውሮፓ እኅት አብያተ ክርስቲያናት ጋር ያላት ግንኙነትም የሊቅና የተማሪ መሆኑ ቀርቷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ረገድ ላኪ ናት፤ በ1970 በጃማይካ የጀመረችው አገልግሎት ብዙ ራስታፈሪያንን አጥምቋል።

ከሁሉም ይልቅ ቬን ያልጠበቃቸው ግን ማንም ሳይልካቸው የሄዱት ናቸው። በዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ኢትዮጵያውያት በዕረፍት ቀናቸው በአንዲት ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ይዘምራሉ፤ አዲስ ያመነችውን ያስተምራሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ ከእስልምና ውጭ አምልኮ በይፋ አይፈቀድም፤ በታኅሣሥ 2011 ጂዳ ላይ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ታስረው ነበር፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ቡድኖች ኮሚቴም መጽሔትም የላቸውም። የኮንትራቱ ዘመን ሲያልቅ አስተማሪዋ አገሯ ትገባለች፤ ተማሪዋ ብቻዋን ትቀራለች። ለዚህ የሚሆን አደረጃጀት የለም፤ ስልክ ነው ያለው።

በይፋ የሚልኩት የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ እንደ ድሮው ማኅበር ከገንዘብ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ ቤተሰብ መባው የሚሰበሰበው በብር፣ ኑሮው የሚከፈለው በዶላር ነው። አንዱ መፍትሔ ሰውየውን ኢትዮጵያ ትላክ፣ ወጪውን የምዕራብ ወይም የእስያ ማኅበር ይሸፍን የሚል ነው፤ ሥራውን ያስጀምራል። ያኔ ግን ወንጌላዊው ሪፖርቱን ለማን ይጽፋል? አዲስ አማኝ መጠመቅ ይገባዋል ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ቤት ሲከራይ ውሉ በማን ስም ይሁን? ሴራምፖርና ለንደን ለዐሥር ዓመት የተኳረፉት በዚሁ ነበር፤ አሁን ጥያቄው በአዲስ አበባ የቦርድ ስብሰባ አጀንዳ ላይ ይቀርባል።